ሽሮው ሳያልቅ

የካቲት 24፣ ሰኞ

ሙሉሐረግ ዛሬ ሄደች። ንጋት ላይ ሚኒባሱ በር ድረስ መጣ። እህቷ ዕፀገነት አብራት ናት፤ አዲስ አበባ የሚያርፉት እሷ ቤት ነው። ሕክምናው ሦስት ዙር ነው ተብሏል፤ በየመካከሉ ሦስት ሦስት ሳምንት። ከፋሲካ በኋላ ትመለሳለች።

ያለፈውን ሳምንት ተኝታ መዋል ሲገባት ሽሮ ስታዘጋጅ ከረመች። አተሩን ስትለቅም፣ ስትቆላ፣ ከሰመራ ሎግያ ወፍጮ ቤት ስትመላለስ። ተይ ብያት ነበር። ክዳን ያለውን ሰማያዊ ባልዲ እስከ አፉ ሞልታ ጓዳ አስቀመጠችው። ልትወጣ ስትል ሄዋንን ባልዲው አጠገብ አቆመቻትና፣ «ይሄ ሳያልቅ እመጣለሁ፤ እሺ?» አለቻት። ሄዋን አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። የዚህ ዕድሜ ልጅ እንዲህ ያለውን ቃል በማግስቱ ይረሳዋል።

ለእኔ ያለችኝ ሌላ ነው። «ሽሮውን ስትነሰንስ የምታማስልበት እጅህ እንዳይቆም።»

ዕድሜዬን የሰው ጽሑፍ ሳርም ኖሬአለሁ። ሽንኩርት ልጬ አላውቅም።

የካቲት 26፣ ረቡዕ

ስልክ ጮኸ፣ አነሳሁ፣ እጄ ቆመ። ሽሮው ጓጎለ። ከዚያ በፊት የመጀመሪያው ቁሌት አርሮ ተደፍቷል። እንጀራው የተገዛ ስለሆነ ቢያንስ እሱ ደህና ነው። ሄዋን ጓጓላውን በጣቷ ወደ ዳር እየገፋች በላች።

«ጥሩ ነው፣ አባዬ» አለች።

ጥሩ አይደለም።

የካቲት 28፣ ዓርብ

ጣቶቼ ቢሮ ውስጥ ሽንኩርት ይሸታሉ። ኢስማኤል፣ ከጎኔ የሚቀመጠው የዜና አዘጋጅ፣ ወንበሩን ገፋ አደረገ።

«ደሜ፣ ረመዳን መሆኑን ረሳኸው? መግሪብ እስኪደርስ ከእኔ ራቅ በል።»

ነገሩን ስነግረው ደግሞ፣ «መዋቅሩ ላይ የኅትመት ባለሙያ ሲሉህ እስከ ዛሬ ባዶ ማዕረግ ነበር። አሁን ገና ሙያ ያዝክ» አለኝ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ሴት ባለሙያ ስትባል ወጥ ታውቃለች ማለት ነው፤ ወንድ ሲባል ወረቀት ያውቃል። ሙሉሐረግን «ባለሙያ ናት» ብለው ሲያመሰግኗት እየሰማሁ ጉርሻዬን እቀጥል ነበር። ምን እያሉ እንደነበር ገና በዚህ ሳምንት መስማቴ ነው።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

መብራት የለም። ከሰል። ድንቹ ከውጭ ተቃጥሎ ከውስጥ ጥሬ። ዕፀገነት ደወለች፤ የመጀመሪያው ዙር ተሰጥቷል፤ ትንሽ አስመልሷታል። «ትንሽ» የሚለውን ቃል ሁለቴ ተጠቀመችበት።

መጋቢት 7፣ እሑድ

የዳቦውን ነገር መጻፍ አለብኝ፤ ካልጻፍኩት ወደፊት ራሴም አላምነው።

ሄዋን ጠዋት ጠዋት ዳቦ ብታገኝ ትበረታለች ብዬ ደብረ ብርሃን ላሉት እናቴ ደወልኩ። «ማታ ታቦካዋለህ፣ አልብሰህ ታስተኛዋለህ፣ ጠዋት ይደርስልሃል» አሉኝ። እንዳሉት አደረግሁ። በሰመራ ሙቀት፣ እኔ አንሶላ እንኳ ወርውሬ በምተኛበት ቤት፣ ሊጡን ጋቢ አልብሼ አስተኛሁት።

ስነሳ ሊጡ ጋቢውን ገፍቶ ከገበቴው ወርዷል። ግማሹ ወለሉ ላይ ነው። ሽታው ግቢውን አልፎ ሐጂራ ዘንድ ደርሷል። ሐጂራ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታችን ናት፤ ልጇ ሀምዳ ከሄዋን ጋር አንድ ክፍል ትማራለች። በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ ጋቢውን አየችው።

«የሄዋን አባት፣ ሊጡ አሞታል እንዴ? እኛ አገር ሰው እንኳ አይለብስም፤ አንተ ለሊጥ ጋቢ ትደርባለህ።»

«እናቴ አልብሰው ብለውኝ ነው።»

«እናትህ ብርድ አገር ናቸዋ። ሲመጡ አንተንም ያልብሱህ።»

ሄዋን ሳቀች። እናቷ ከሄደች ወዲህ ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሊጡን እንዳይባክን ጋገርኩት፤ ኮመጠጠ፣ ደረቀ። የሐጂራ ፍየሎች ወደውታል።

መጋቢት 12፣ ዓርብ

ሽሮውን ከባልዲው የምትቀዳው ሄዋን ሆናለች። እኔ ስቀዳ «በዛ» ትላለች። ዛሬ የሰጠችኝ ጭብጥ አይሞላም፤ ወጡ እንደ ሾርባ ቀጠነ።

«ለምን አሳነስሽው?»

«ቀጭን ነው የምወደው።»

ወፍራም ነበር የምትወደው። በጎን እያየኋት ጥቂት ጎርሳ «ጠገብኩ» አለች። ማታ ሐጂራ ከማፍጠሪያቸው ሳምቡሳ ላከችልን፤ ሄዋን እጇ ሳይታጠብ ሁለቱን ጨረሰች። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ። የእኔን ወጥ ነው የማትፈልገው ማለት ነው። ነገ ሽንኩርቱን በደንብ አበስላለሁ።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ

ጋሽ እሸቴ መጣ። የሙሉሐረግ ታላቅ ወንድም ነው፤ ቤቱ አዋሽ፣ ሥራው የጅቡቲ መስመር። ተሳቢውን አስፋልቱ ዳር አቁሞ፣ ፎጣውን አንገቱ ላይ እንደጠመጠመ ገባ። ሄዋንን አቅፎ ሳማትና በክንዱ ራቅ አድርጎ አያት።

«ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው? አንገቷ እኮ የግልገል አንገት መሰለ።»

«ጾም ነው።»

«ልጅ እንዲህ አይጾምም።» የድስቱን ክዳን አነሳ። «ይሄ ወጥ ነው ወይስ እግሬን ልታጠብበት ያሞቅህልኝ?»

ከበላን በኋላ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ዝቅ ያለ ድምፁ ግን የሹፌር ነው፤ ሞተር ላይ ለመናገር የለመደ። «ወንድ ወጥ አይሠራም አላልኩም፣ ደምመላሽ። እኔም መንገድ ላይ እሠራለሁ። ግን ልጅ በሙከራ አታድግም። አዋሽ ሚስቴ አለች። ትምህርት ሲዘጋ እወስዳታለሁ። ከዚህ በላይ ከስታ ካየሁ ደግሞ እስኪዘጋም አልጠብቅ።»

ሄዋን ከመጋረጃው ኋላ ወጣች።

«እኔ አዋሽ ከሄድኩ እማዬ ስትመጣ እዚህ ማንን ታገኛለች?»

ጋሽ እሸቴ ፎጣውን ፈትቶ ፊቱን ጠረገ። እኔም ከእሱ አፍ መልስ እየጠበቅሁ እንደነበር ያወቅሁት መኪናው ከተነሳ በኋላ ነው።

መጋቢት 25፣ ሐሙስ

ሙሉሐረግ ራሷ ደወለች። ድምፅዋ ቀጥኗል፤ መስመሩ ይሆናል። ስለ ራሷ ስጠይቃት ስለ ሽንኩርት ትጠይቀኛለች። «ዘይቱን ቆጥብ፤ ሽንኩርቱ በራሱ ውሃ ይብሰል» አለችኝ። ከዚያ ሄዋን ተቀበለች።

«ባልዲው ግማሽ ነው፣ እማዬ። ከግማሽም በላይ» ስትል ሰማሁ።

ባለፈው ሳምንት ሳየው ከግማሽ በታች ነበር። ዓይኔ ተሳስቶ ይሆናል።

በመጨረሻ ዕፀገነት ስልኩን ይዛ ከክፍሉ ወጣች። ደሟ ስላነሰ ሁለተኛው ዙር ተላልፏል። ተላልፏል ነው ያለችው፤ ቀርቷል አላለችም።

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

ወጡ እየራቀኝ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ይጓጉል፣ ያርር ነበር፤ ጣዕሙ ግን የሙሉሐረግ ነበር። አሁን አይጓጉልም፣ አያርርም፣ ጣዕሙ ግን የማንም አይደለም። ሽንኩርት ቀየርኩ። ዘይት ቀየርኩ። እሳት ቀነስኩ። እጄ ነው ጉዳዩ።

ለእናቴ ስደውል ይህንኑ ነገርኳቸው። ሽሮው ግን እንደማያልቅ፣ በጾሙ በየቀኑ እየበላንም ባልዲው እንዳለ መሆኑን ጨመርኩላቸው።

«የሰራፕታዋ መበለት ማድጋ ነዋ» አሉ። «ኤልያስ ገብቶላችሁ ነው። እንዳትለካው፤ በረከት ሲለካ ይሸሻል።»

ስልኩ በድምፅ ማጉያ ነበር። ሄዋን የቤት ሥራዋ ላይ ይበልጥ አጎነበሰች።

ሌላ፦ ሐጂራ በአጥሩ በኩል፣ ሄዋን በእረፍት ሰዓት ከሀምዳ ጋር ሳምቡሳ መግዛት ትታለች አለችኝ። ጾም ነው እያለች ነው አሉ። የሚሸጠው የምስር ሳምቡሳ እንደሆነ አውቃለሁ። የምትገዛበትንም ጠዋት ጠዋት እሰጣታለሁ። ሆዷን ያማት ይሆናል። ከበዓሉ በኋላ ሐኪም ያያታል።

ሚያዝያ 12፣ እሑድ፣ ፋሲካ

ዳቦው ተሳካ። ሊጡን ማታ ሳይሆን ዛሬ ጠዋት በማቀዝቀዣ ውሃ አቦካሁት። ጋቢም የለ፣ ሰዓትም የለ፤ አጠገቡ ተቀምጬ አየሁት። ፊቱ ላይ ዓይን ዓይን የሚያህል ቀዳዳ ሲያወጣ ድስቱ ውስጥ ገለበጥኩት። ጥቁር አዝሙዱ በዝቷል። ታቹ ትንሽ ጠቁሯል። ዳቦ ነው።

ባርኬ ቆረስኩ። ሄዋን ሁለት ቁራሽ በላች። ግማሹን ለሐጂራ ቤት ወሰደች፤ «ዛሬስ ምን አለበሳችሁት?» ብለው መልሰዋታል።

በመጀመሪያው አቆጣጠር ዛሬ ሦስተኛው ዙር አልቋል። በአሁኑ አቆጣጠር ሁለተኛው ነው።

ማታ ሄዋን ሳህን እያጠበች፣ «ጾም ስለተፈታ አሁን ሽሮ አንብላ፤ ይቆይ» አለችኝ። ሥጋ አምሯት ይሆናል።

ሚያዝያ 20፣ ሰኞ

ከሥራ ስመለስ እንጀራ ልገዛ ደራርቱ ሱቅ ቆምኩ። ደራርቱ የምትናገረው እየመዘነች ነው።

«ጋሼ፣ ሽሮ ቤት ከፍታችኋል እንዴ?»

«የምን ሽሮ ቤት?»

«ልጅህ ናታ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ እየመጣች የተፈጨ ሽሮ ትወስዳለች። በትንሽ በትንሹ። አብዝተሽ አንዴ ውሰጂ ብላት አትሰማኝም። ሰው አብልታችሁ እኔን ሳትጠሩ ብዬ ተቀይሜ ነበር።»

«እኔ ነኝ የላክኋት» አልኩ።

ቤት ገብቼ ባልዲውን ከፈትኩ። የማንኪያውን እጀታ በዳር በኩል አስገብቼ አወጣሁት። ላዩ ነጣ ያለ ቢጫ ነው፤ የሱቅ። ከታች፣ ከሥር፣ ቀላ ያለው አለ። በሶብላው ይሸታል። ጥቂት ነው፤ ግን አለ።

እጄ አይደለም ማለት ነው።

ክዳኑን እንደነበረ አድርጌ ገጠምኩ።

ሚያዝያ 21፣ ማክሰኞ

ለሄዋን አልነገርኳትም። ምን ብዬ? ተይ ብላት፣ ሲያልቅ ምን ይሆናል ትለኛለች።

ቢሮ ውስጥ አንዱን ገጽ ደጋግሜ አነበብኩት። «ይመለሳሉ» የሚለው «ይመልሳሉ» ተብሎ ታትሞ ወጣ። ኢስማኤል ጋዜጣውን ከፊቴ አስቀምጦ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። እሱ ሳይቀልድ ሲቀር ነው የሚያስፈራው።

ሚያዝያ 25፣ ቅዳሜ

ዕፀገነት። መድኃኒቱ ሊቀየር ነው።

«ሦስት ዙር ነበር ያላችሁኝ።»

«ነበር፣ ጋሼ።»

«አሁንስ?»

«በአዲሱ እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ። ክረምቱን እዚሁ ነን። ለልጅቷ እንዴት እንደምትነግራት አንተ ታውቃለህ።»

ሽንኩርት ልገዛ ወጣሁ። ሽንኩርት ቤት ሞልቷል።

ግንቦት 3፣ እሑድ

ትናንት ከሎግያ ገበያ አተርና ሽምብራ አመጣሁ። ሙሉሐረግን እንዴት እንደሚሠራ መጠየቅ አልቻልኩም፤ ለምን ትለኛለች። እናቴን ጠየቅሁ። መልቀም፣ መቀቀል፣ መቁላት፣ መከካት፤ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ወቅጦ ማሸት፤ ከዚያ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ማስጣት።

«ሁለት ቀን የእናንተ ነው» አልኳቸው። ጣሪያው ላይ አሰጣሁት፤ እኩለ ቀን ላይ በእጄ ስነካው ይንኮሻኮሻል። ሊጡን ያበላሸብኝ ሙቀት ለዚህ ሆነ።

ሄዋን ጠጠር እየለቀመች ነበር። ሲቆላ ጭሱ ዓይኗን አስለቀሳት፤ አልሄደችም።

«አባዬ፣ ለምንድን ነው የምንሠራው? ባልዲው እኮ አላለቀም።»

«እማዬ ስትመጣ ጠያቂ ይበዛል።»

ሌላ ጠጠር ለቀመች። በሶብላውን ስጨምር እጄን ያዘች።

«እማዬ ከዚህ በላይ ነው የምታደርገው።» ራሷ ዘግና ጨመረች። አሸተተች። ሌላ ዘገነች።

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ

በምሳ ሰዓት በባጃጅ ሎግያ ወፍጮ ቤት ደርሼ መጣሁ። ሄዋን ትምህርት ቤት ናት።

የሱቁን ሽሮ ከላይ ገፍፌ አወጣሁ። የሙሉሐረግን አልነካሁም። በላዩ አዲሱን ጨመርኩ፤ እስከ አፉ ሳይሆን ትናንት በነበረበት ልክ። የተረፈውን ቋጥሬ አልጋዬ ሥር አስገባሁ። ለምን እንዲህ እንዳደረግሁ እዚህ መጻፍ አያስፈልግም።

ማታ ሄዋን ባልዲውን ከፈተች። ቀለሙን አየች። አሸተተችው። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፤ ቀና አላልኩም።

«ከእንግዲህ እኔ ነኝ የምቀዳው» አልኳት።

ክዳኑን ቀስ ብላ ገጠመች።

«እሺ» አለች።

ግንቦት 11፣ ሰኞ

ሐጂራ፦ ሄዋንና ሀምዳ ዛሬ በእረፍት ሰዓት ሳምቡሳ አብረው በልተዋል፤ ሄዋን ሚጥሚጣው አቃጥሏት ውሃ ፍለጋ ሮጣለች።

ደራርቱ፦ ደንበኛዬን ማን ቀማኝ?

ግንቦት 15፣ ዓርብ

ጋሽ እሸቴ ሳይደውል መጣ። ባዶ ካርቶን ይዞ ነው የገባው፤ ለልብሷ። ካርቶኑን በሩ ሥር አስቀመጠ፤ ሄዋን አየችው፤ ምን እንደሆነ አልጠየቀችም። ሳህን አቀረበች።

ሽሮውን ወፍራም አድርጌ ነበር የሠራሁት። ድስቱ እየተንተከተከ ቀረበ። ጋሽ እሸቴ ጎረሰ፣ አላመጠ፣ ሁለተኛውን ጎረሰ። ከዚያ እጁን ሳህኑ ላይ አቆመ።

«ይሄ የሙሉ ሽሮ አይደለም» አለ። «የእኛን ቤት ሽሮ አውቀዋለሁ። ይሄ…»

ሄዋን የያዘችው ጉርሻ አፏ አጠገብ ቀረ። እኔን አየችኝ። እሱን አላየችውም፤ እኔን ነው ያየችው።

«የእሷ ነው» አልኩ። «ትታው የሄደችው ነው። ባልዲው ያው፣ ጓዳ ነው ያለው።»

የሰው ስህተት በማረም የምተዳደር ሰው ነኝ። ቃሉ ሳይደናቀፍ ወጣ።

ጋሽ እሸቴ እኔን አየ፣ ሄዋንን አየ፣ ጓዳውን አየ። ረዥም ጊዜ አላመጠ፤ አፉ ውስጥ ግን ምንም የቀረ አይመስለኝም።

«እህህ። የጅቡቲ ሙቀት ምላሴን ገድሎታል» አለ። «አሁን ታወቀኝ። የሙሉ ነው። በሶብላው የእሷ ነው።» ጎረሰ። «ለእኔ ትንሽ ቋጥሩልኝ እንዳልል፣ ያልቅባችኋል።»

«አያልቅም፣ አጎቴ» አለች ሄዋን። ጉርሻዋንም ጎረሰች፤ ሌላም ጎረሰች፤ ድስቱን በእንጀራ ጠረገችው።

ሲሄድ እስከ መኪናው ሸኘሁት። ካቢኑ ላይ ወጥቶ በሩን ሳይዘጋ ቆየ።

«ስንት ጊዜ ነው አሉህ?»

«ክረምቱን።»

«ይበቃችኋል? ሽሮው?»

«ይበቃል። አተር እንዳይወደድ እንጂ።»

«አተሩን ለእኔ ተወው። ከላይ ስወርድ አመጣለሁ።» በሩን ዘጋ።

ካርቶኑን ረስቶታል። ወይም ትቶታል። ሄዋን ሽንኩርት ማስቀመጫ አደረገችው።

ግንቦት 22፣ ዓርብ

ሙሉሐረግ ደወለች። የአዲሱ መድኃኒት የመጀመሪያ ዙር አልፏል። ፀጉሯን ዕፀገነት እንደላጨቻት ነገረችኝ፤ ለሄዋን ግን እንዳልነግራት፣ ስትመጣ እሷው ራሷ እንድታሳያት ለምናኛለች። እኔ ስለ ዳቦ ነገርኳት። ስለ ጋቢው ስነግራት ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፤ ጠበቅሁ።

«ደሜ» አለች ኋላ። «ያን ቃል ለልጅቷ ባልናገር ይሻለኝ ነበር። ከፋሲካ ወዲህ እዚህ ተኝቼ ሳስብ የምውለው ባልዲውን ነው። መቼም ከተጠረገ ቆይቷል።»

ሄዋን ጓዳው በር ላይ ቆማለች። ስልኩ ጆሮዬ ላይ ነው፤ አትሰማም፤ ግን የምትሰማ ትመስላለች።

«አላለቀም» አልኩ።

«ምን?»

«ሽሮው። አለ።»

ከሩቅ የአልጋ ጎማ ሲንኳኳ ተሰማኝ።

«ሦስት ወር ሙሉ? በዚያ ሁሉ ጾም?»

«ሄዋን ቆጣቢ ናት።»

ሙሉሐረግ በሕይወቷ ሽሮ ለክታ አታውቅም፤ በዓይኗ ነው። አንድ ባልዲ ለስንት ቀን እንደሚሆን ከእኔ በላይ ታውቃለች። እንድትነግረኝ ጠበቅሁ።

«እንግዲያው አልዘገየሁማ» አለች።

«አልዘገየሽም» አልኩ፤ ስልኩንም ለሄዋን ሰጠኋት።